ልኩን የሚያውቅ ዓይን፣ የሚበይድ እጅ

በየጊዜው በሆነ አዳራሽ ዊልቸር ሲታደል በቴሌቪዥን እናያለን። ወንበሮቹ ተደርድረዋል፤ ንግግር ይደረጋል፤ ፎቶ ይነሳል። የሰጠውን እጅ እግዚአብሔር ይባርከው፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። እኔን የሚያሳስበኝ ከፎቶው በኋላ ያለው ነው። ያ ወንበር ለየትኛው ልጅ ልክ ነው? ማን ለካው? ልጁ ሲያድግ ማን ያስተካክለዋል? ጎማው ሲተነፍስ፣ ኩሽኔታው ሲበላ የት ይወሰዳል?

ጥያቄው የቤቴ ጥያቄ ነው። ማሙሽ የምንለው የእህቴ ልጅ ሴሬብራል ፓልሲ አለበት። ሰባት ዓመቱ ነው። እናታችን፣ እህቴ፣ እሱና እኔ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። ሕንፃችን ሊፍት የለውም።

ሴሬብራል ፓልሲ ከመወለድ በፊት፣ በወሊድ ጊዜ ወይም በጨቅላነት አንጎል ላይ በሚደርስ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴና የሰውነት አቋም ችግር ነው። የአንጎሉ ጉዳት ራሱ እየባሰ አይሄድም። ሰውነት ግን ያድጋል፤ አጥንት ይረዝማል፤ የተወጠረ ጡንቻ አብሮ መርዘም ያቅተዋል፤ መገጣጠሚያ ይደርቃል። ስለዚህ አምና የረዳው ወንበር ዘንድሮ ሊጎዳው ይችላል። ሰፈር ውስጥ ብዙ ስም ሰጥተውታል። ቡዳ ያለ አለ፤ እርግማን ያለም አለ። እማዬ ጸበል ትወስደዋለች፤ ፊዚዮቴራፒውም አይቀርም። በቤታችን ሁለቱ ተጣልተው አያውቁም።

መጀመሪያ ያገኘነው ዊልቸር የአዋቂ ነበር። የሰጡን ሰዎች በእጃቸው የነበረው እሱ ነው፤ ደስ ብሏቸው ነው የሰጡን። ማሙሽ ግን መሐሉ ገብቶ ጠፋ። ወደ ግራ ይጋደማል። ጎኑን በጋቢ እንወትፋለን፤ ጋቢው ይንሸራተታል። እግሩ መርገጫው ላይ አይደርስም። እግር ሲንጠለጠል ጡንቻው ይወጠራል፤ ሲወጠር ሁለቱ እግሮች ይቆላለፋሉ፤ ከዚያ ልጁ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ትንሽ ቆይቶ ያለቅሳል። የሚያየው ሰው ሁሉ «ዊልቸር አይወድም» ይላል።

ወንበሩን የጠላው ስላመመው መሆኑን የነገረችን አንዲት ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ናት። ቆርቆሮ ሜትር ከኪሷ አወጣች፤ ልጁን ጠንካራ አግዳሚ ላይ አስቀምጣ ለካችው። ልብስ ሰፊ እንኳ ሳይለካ ሱሪ አይቆርጥም፤ እኛ ግን ልጁ ቀኑን ሙሉ የሚኖርበትን ነገር ሳናስለካ ነበር የተቀበልነው።

ልኬቱን እዚህ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህን የሚያነብ ወላጅ ነገ ይጠቅመዋል። መጀመሪያ ዳሌው፣ ከጎን እስከ ጎን፤ የመቀመጫው ስፋት እሱ ነው። «ያድግበታል» ተብሎ ሰፊ አይወሰድም፤ ሰፊ ወንበር ወገብን ያጣምማል። ቀጥሎ ከመቀመጫው ኋላ እስከ ጉልበቱ ማጠፊያ። ከዚህ ላይ ከ3 እስከ 6 ሳንቲሜትር ይቀነስና የመቀመጫው ጥልቀት ይሆናል። ካልተቀነሰ የወንበሩ ጫፍ የጉልበቱን ጀርባ ይጫነዋል፤ ልጁም ከዚያ ለማምለጥ ወደፊት ይንሸራተታል። ከጉልበቱ ማጠፊያ እስከ ተረከዙ ያለው የእግር መርገጫውን ቦታ ይወስናል። የጀርባ መደገፊያው ቁመት ደግሞ ልጁ ራሱን ምን ያህል እንደሚችል ታይቶ ነው። ቀበቶው ሆድ ላይ አይታሰርም። ዳሌው ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ኋላ አዘንብሎ ነው የሚይዘው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው የዊልቸር መመሪያ አገልግሎቱን ስምንት ደረጃ አድርጎ አስቀምጦታል። ልጁ ወደ አገልግሎቱ ይላካል፤ ይመረመራል፤ የሚስማማው ወንበር ይመረጣል፤ ገንዘቡ ይገኛል፤ ወንበሩ ይዘጋጃል፤ ልጁ ላይ ይለካል፤ ቤተሰቡ ይሠለጥናል፤ በመጨረሻ ጥገናና ክትትል አለ። አዳራሹ ውስጥ የምናየው ከእነዚህ መሐል አንዷን፣ ምናልባትም ግማሿን ነው።

ልኩ ሲስተካከል ምን እንደተለወጠ ልንገራችሁ። ወገቡ ሲረጋ አንገቱ ቀና አለ። አንገቱ ቀና ሲል ዓይኑ ሰው ማየት ጀመረ። ወንበሩን ሙጥኝ ብሎ የሚይዝበት እጁ ተፈታ። አመጋገቡ ተለወጠ፤ ለእኔ ትልቁ ይሄ ነው። ተጋድሞ የሚበላ ልጅ ምግቡ ወደ ሳንባው የመግባት አደጋ አለው፤ ከዚያ የሳንባ ምች ይከተላል። እማዬ ጭኗ ላይ አስተኝታ ነበር የምታጎርሰው። ልጆቿን ሁሉ ያሳደገችው እንደዚያ ነው። አሁን ፊት ለፊቱ ዝቅ ብላ ትቀመጣለች፤ አገጩ ትንሽ ዝቅ እንዲል እየጠበቀች በትንሽ በትንሹ ትሰጠዋለች። ትንታው ቀንሷል። እሷም ወገቧ አርፏል።

የፎቁ ነገር አለ። ዊልቸሩ ሦስተኛ ፎቅ አይወጣም። ቢወጣም የሚያወጣው ጉልበት የለም። ስለዚህ ምድር ቤት፣ ጥበቃው ጋ ያድራል። እህቴ ልጇን አዝላ ትወርዳለች፤ ታች ታስቀምጠዋለች፤ ስትመለስ እንደገና ታዝላለች። የሰባት ዓመት ልጅ ይታዘላል፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅስ? ይህን በሌሊት ሳስበው እንቅልፍ አጣለሁ። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጡ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ መግቢያ እንዲኖራቸው አዟል። መኖሪያችን ግን ደረጃ ነው።

ዊልቸሩ ታች ከቀረ ላይ ቤት ውስጥ ሌላ መቀመጫ ያስፈልጋል። አንድ ልጅ አንድ መሣሪያ አይበቃውም። የመውጫ አለ፣ የመመገቢያ አለ፣ አጥንቱ እንዲጠነክር ቀጥ ብሎ የሚቆምበት መደገፊያ አለ፣ የሽንት ቤት ወንበር አለ። ሁሉን ገዝቶ የሚችል ቤተሰብ ጥቂት ነው።

የላይ ቤቱን መቀመጫ ከካርቶን ሠራነው። አትገረሙ፤ ዘዴው የታወቀ ነው። ዚምባብዌ ውስጥ ቤቪል ፓከር የተባለ መምህር አስፋፍቶት በብዙ አገር ለሴሬብራል ፓልሲ ልጆች ወንበር ይሠሩበታል። ካርቶኑ በልኩ ይቆረጣል፤ በተፈላ የዱቄት ሙጫ እየተደራረበ ይጣበቃል፤ ከባድ ነገር ተጭኖበት ይደርቃል። ከዚያ ይገጣጠማል፤ ጠርዙ ሁሉ በተቀደደ ወረቀትና በሙጫ ይታሸጋል፤ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ውሃ እንዳያስገባ ቫርኒሽ ይቀባል። በደንብ የደረቀ ድርብርብ ካርቶን ሰው ሲቀመጥበት አይበገርም። ለመርካቶ ቅርብ ለሆነ ሰው ካርቶን ብርቅ አይደለም። አንድ ምክር ብቻ፤ በክረምት አትጀምሩት። በበጋ ፀሐይ ሰገነት ላይ ሲደርቅ ነው የሚያምረው። እኛ ከፊቱ ጠረጴዛ ጨመርንለት፤ ሆዱ የሚገባበት ግማሽ ክብ ተቆርጦ። ክርኑ እዚያ ላይ ሲያርፍ እጁ ይታዘዝለታል።

ለእነዚህ ነገሮች ስንሯሯጥ ነው ዋናው ሐሳብ የመጣልኝ። ይህ ከተማ የሚሠራ እጅ አላጣም። ምናለሽ ተራ ሂዱ። የማይቀጠል ብረት፣ የማይጠገን ነገር የለም። ጎሚስታ በየመንገዱ ነው። የመኪና ወንበር የሚሰፉ ሰዎች ስፖንጅ ቆርጠው ቆዳ ያለብሳሉ። ጫማ ሰፊው ማሰሪያ ይሠራል። ማስታወቂያ ቤቶች ፕላስቲክ በፈለጋችሁት ቅርጽ ይቆርጣሉ። በሌላ በኩል ከጥቁር አንበሳ ጀምሮ በሆስፒታሎቻችን የልጅን አጥንትና ጡንቻ አይቶ የሚያውቅ ባለሙያ አለ። ሁለቱ ግን አይተዋወቁም። በያጁ ብረት ያውቃል፣ የልጁን ዳሌ አያውቅም። ፊዚዮቴራፒስቷ ዳሌውን ታውቃለች፣ ብሎኑን ማን እንደሚያስገባላት አታውቅም። በሁለቱ መሐል የምትሮጠው እናት ናት፤ ያውም ልጇን አዝላ።

ለዊልቸር ብቻ አይደለም። ልጅ የሚይዘው መሣሪያ ሁሉ ከልጁ ጋር መለወጥ አለበት። የጎረቤታችን ልጅ የመስሚያ መሣሪያ አላት። ድንገት ሲጢጥ የሚል ድምፅ ማሰማት ጀመረ። እናቷ ተበላሸ ብላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። መሣሪያው ደህና ነበር፤ የልጅቷ ጆሮ አድጎ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ክፍል ልል ሆኖ ነው። ድምፁ በክፍተቱ እየወጣ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ሲገባ ያፏጫል። ያ ክፍል እንደ አዲስ በልኳ ሲሠራ ጸጥ አለ። ባትሪውም የራሱ ጣጣ አለው፤ ተለጣፊው ከተነሳ ጊዜ ጀምሮ መሥራት ስለሚጀምር ሳይጠቀሙበት እንኳ ያልቃል። እግር ላይ የሚታሰረው ድጋፍም እንደዚሁ ነው። ሲወልቅ ቆዳው ላይ የሚታየው ቅላት በግማሽ ሰዓት ካልጠፋ ጠቦታል ወይም ይፈትገዋልና ሳይቆስል ወደ ሠራው ባለሙያ መመለስ አለበት። መነጽርም ከልጁ ጋር መለወጥ አለበት። ከዓይን ሐኪም ዘንድ ዓመት ሙሉ ያልሄደ ልጅ የአምናውን መነጽር ይዞ ጥቁር ሰሌዳው አይታየውም፤ መምህሩም ሰነፍ ይለዋል።

ለማያይ ልጅ ስልክና ኮምፒውተር ብዙ በር ከፍተዋል። ኤንቪዲኤ የሚባለው በአውስትራሊያ በ2006 እ.ኤ.አ. የተጀመረ የስክሪን አንባቢ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ ፕሮግራም፣ ነጻ ነው፤ ኢስፒክ በሚባለው ድምፅ አማርኛም ያነባል። ድምፁ ደረቅ ነው፤ ጆሮ እስኪለምደው ትዕግሥት ይጠይቃል። የጉግል ኪቦርድ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማርኛ ሲናገሩለት ይጽፋል። ሆኖም በጣት እየተዳሰሰ የሚነበበውን ብሬልን የሚተካ የለም። ሲነበብለት ብቻ ያደገ ልጅ ፊደል አጻጻፍ አይማርም። በአማርኛ ብሬል «ል» አንድ ቦታ ትይዛለች፤ «ላ» ግን ተነባቢና አናባቢ ተለያይተው ሁለት ቦታ ይይዛሉ። ስለዚህ ቀጭን የነበረው የመማሪያ መጽሐፍ በብሬል ሲሆን ብዙ ጥራዝ ይወጣዋል። ያንን ተሸክሞ ትምህርት ቤት የሚመላለስ ልጅ አለ።

እኔ ብዙ የማስብበት ግን ንግግር ነው። ማሙሽ ሁሉንም ይሰማል፤ አፉ ግን አይታዘዝለትም። በአገራችን በዚህ ጉዳይ ስም ሲነሳ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ሳይነሱ አይታለፍም። በ2002 እ.ኤ.አ. የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ውስጥ ከፈቱ። ልጆች በየቤቱ ይደበቁ በነበረበት ጊዜ የራሳቸውን ልጅ ይዘው አደባባይ ወጡ። አቡጊዳ ፎኔቲክስ ያሉትን፣ በፊደላችን ድምፅ ላይ የተመሠረተ ማስተማሪያ አዘጋጁ። በ2021 እ.ኤ.አ. አረፉ። ልጆቻችን በራሳቸው ቋንቋ እንዲናገሩ ያን ያህል የደከመ ሰው በማግኘታችን እኔ አመሰግናለሁ።

ለማሙሽ የሠራነው የሥዕል ሰሌዳ ነው። በኢንተርኔት በነጻ የሚገኙ ሥዕሎች አሉ፤ አራሳክ የተባለው የስፔን ስብስብ በሺዎች የሚቆጠሩ አሉት። የተወሰኑትን ወሰድን። ምግብና ቤተሰብ ላይ ስንደርስ ግን በስልክ ራሳችን ፎቶ አነሳን። የእሱ ኩባያ፣ የእማዬ ነጠላ፣ እንጀራው ሞሶቡ ላይ፣ ሰገነቱ። የማያውቀውን ሳንድዊች እያሳዩ ራበህ ወይ ማለት ምን ይጠቅመዋል? ድምፅ ስንቀዳበትም ችግር ገጠመን። «ስጪኝ» ብለን ቀዳን፤ አጎቱ ሲመጣም «ስጪኝ» አለው። ሁሉም ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ስለዚህ ለወንድም ለሴትም የሚሆነውን መረጥን፤ «እፈልጋለሁ»፣ «ይበቃኛል»፣ «አመመኝ»፣ «እንሂድ»። «አልፈልግም» ከሁሉ በላይ ትልቅ ሆኖ ተለጠፈ። እምቢ ማለት የማይችል ልጅ ሌሎች የፈለጉትን ሁሉ የሚያደርጉት ልጅ ነው።

እጁ ለደከመው ቀን የዓይን ሰሌዳ አለው። በቀጭን ግልጽ ፕላስቲክ መሐል ቀዳዳ ይቆረጣል፤ በአራቱ ማዕዘን ሥዕል ይለጠፋል። በቀዳዳው ዓይን ለዓይን እየተያያችሁ ወዴት እንደሚያይ ትከተላላችሁ። አዎ ለማለት ደግሞ ማሙሽ ቅንድቡን ያነሳል። ይህን ያስተማረው የለም። ሁላችንም አዎ ስንል ቅንድባችንን እናነሳ የለ? ይህን ያስተዋለችው ፊዚዮቴራፒስቷ ናት፤ «እናንተ እኮ ሁልጊዜ እያወራችሁት ነው፣ እሱም ይመልሳል» አለችን። እህቴ በዚያ ቀን ብዙ አለቀሰች።

መንገዱን በአጭሩ ልለፈው። በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፤ ዊልቸር እየገፉ መሄድ ተችሏል፤ ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። መወጣጫ ሲሠራ ግን ልኩ ይጠበቅ። ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው የተለመደው መለኪያ። ከዚያ በላይ ዳገት ከሆነ እህቴ አትገፋውም፤ ቁልቁል ሲሆን ደግሞ ያመልጣታል። ሚኒባስ ዊልቸር አይጭንም፤ ረዳቱ ቢያዝንም ቦታ የለውም። ስለዚህ ሐኪም ቤት የምንሄድበት ቀን የኮንትራት ታክሲ ቀን ነው።

በ2022 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ ባወጡት ሪፖርት ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ሰው ቢያንስ አንድ አጋዥ መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ 1 ቢሊዮን የሚጠጋው ደግሞ አያገኝም። በአንዳንድ ድሃ አገሮች ከሚያስፈልጋቸው የሚያገኙት 3 በመቶ ብቻ ናቸው። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንደሚመድብ ይላል። የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች ስምምነትም ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። ሕጉ አለ። ከተመደበው ሀብት ውስጥ ለጥገናና ለማስተካከያ የሚውል ድርሻ እንዲኖር ነው የምመኘው። መቶ ዊልቸር ከማደል ስልሳ አድሎ የቀረውን ለለካ፣ ለበየደና ስፖንጅ ለቀየረ ሰው ደመወዝ ማድረግ የተሻለ ይመስለኛል።

እናቶች ደግሞ ሳይጠብቁ ጀምረዋል። ፊዚዮቴራፒ ተራ ስንጠብቅ የተዋወቅን እናቶችና አክስቶች ልጁ ያለፈውን ወንበር ለሚቀጥለው እናቀባብላለን። ዊልቸር ይተላለፋል፤ እንደገና ይለካል እንጂ እንዳለ አይሰጥም። የጆሮው ክፍልና የእግር ድጋፍ ግን አይተላለፍም፤ የተሠራው ለአንድ ሰው አካል ነው።

ባለፈው ወር አንድ ነገር ሞከርን። ፊዚዮቴራፒስቷን በዕረፍቷ ቀን ይዘናት መርካቶ፣ ዊልቸሩን የሚበይዱልን ጋሼ ጋ ሄድን። ማሙሽም አብሮን ነበር። ጋሼ ሥራቸውን አቁመው ቁጭ ብለው አዩት። ከዚያ ያልጠበቅነውን ጠየቁ።

«ይሄ ልጅ ሲስቅ ወደ ኋላ ይለጠጣል?»

«ይለጠጣል፤ እንዴት አወቁ ጋሼ?» አለች ፊዚዮቴራፒስቷ።

«የጀርባው ብሎን ነዋ የሚሰበረው። ሁልጊዜ በአንድ በኩል። ከባድ ዕቃ የሚጭኑበት ነበር የመሰለኝ።»

እሷም አስረዳቻቸው። ሲደሰት ሰውነቱ በሙሉ ይወጠራል፤ ብሎኑን ከማወፈር ዳሌው በደንብ ታጥፎ እንዲቀመጥ ማድረግ ይሻላል፤ ዳሌው ከታጠፈ መለጠጡ ይቀንሳል። መቀመጫው ከፊት ትንሽ ከፍ እንዲል ጠየቀች። ጋሼ ወዲያው በጠመኔ ምልክት አደረጉ። የእግር መርገጫው ቱቦ ላይ በየ2 ሳንቲሜትሩ ቀዳዳ ሊበሱለት ተስማሙ፤ እግሩ በረዘመ ቁጥር ብሎኑን ነቅለን አንድ ቀዳዳ እናወርዳለን፤ መፍቻ ከኖረ እህቴም ትችለዋለች።

የራስ መደገፊያው ላይ ግን አልተግባቡም። ጋሼ ከመኪና ወንበር የተነቀለ አላቸው፤ እሱን ቆርጠው ሊበይዱት ይፈልጋሉ። እሷ ወፍራም ነው፣ አንገቱን ወደፊት ይገፋዋል ትላለች። ስለዚህ ለጊዜው በስፖንጅና በቬልክሮ እየሞከርን ነው፤ የትኛው ውፍረት እንደሚስማማው ካወቅን በኋላ ጋሼ በብረት ይሠሩታል።